የሰዓት ሠሪው ፋይል

ከግብር ቢሮው ደረጃ ሥር ጠባብ ጠረጴዛ ዘርግተው ቅጽ የሚሞሉትን ሽማግሌ ሁሉም «ጋሽ ሦስት ኮፒ» ይላቸዋል። ስሙን ለራሳቸው ያወጡት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ ማንም ይምጣ ማን፣ ከሰላምታ ቀጥሎ ከአፋቸው የሚወጣው ይኸው ነው። «አንዱ ለነሱ፣ አንዱ ላንተ፣ አንዱ ደግሞ ያንተ ሲጠፋ!» የባለጉዳዩ ኮፒ እንደሚጠፋ ለአፍታም ተጠራጥረው አያውቁም።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያው ቢሮ መስኮት ውስጥ ተቀምጠው ቅጽ ተቀብለዋል። ውስጥ ሳሉ ሰው ሲሳሳት ይቆጡ ነበር። ሰው ለምን እንደሚሳሳት የገባቸው ግን ውጭ ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች ሲያስነጥሳቸው እንኳ አንቀጽ የሚጠቅሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ስለዚህ ለመጣው ሁሉ ሳይሰለቹ ያስረዳሉ። «ሥራ ባይኖርሽም ባዶውን አስታውቂ፤ ዝም ያለ እንደ ደበቀ ነው የሚቆጠረው።» «የመጨረሻውን ቀን አትጠብቅ፤ ያን ቀን ሰልፉም ይረዝማል፣ መብራቱም ይጠፋል።» «ማኅተም ያላረፈበት ኮፒ ለዕቃ መጠቅለያ ነው የሚሆነው።» የማይደራደሩበት ሥርዓትም አላቸው። የሞሉትን ቅጽ ለባለቤቱ ጮክ ብለው ሳያነቡ አያስፈርሙም፤ ባለቤቱ ራሱ ካልመጣም ጨርሶ አይሞሉም።

ይህን ሥርዓት ያፈረሱት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። የሰዓት ሠሪው ሚስት በየዓመቱ ከቢሮው የተላከውን ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ ትመጣለች። «ባለቤቴ አሞት ተኝቷል፤ ሱቁም ዝግ ነው። ባዶውን ይሙሉልኝና እቤት ወስጄ ላስፈርመው» ትላለች። ሴትዮዋ ስታሳዝናቸው ይሞሉላታል። ስትነሳም «እግዜር ይማረው» ይሏታል፤ እሷም «አሜን» ብላ ትሄዳለች። እንዲህ እየተባባሉ ሦስት ዓመት ሆናቸው።

ዘንድሮ ግን ረቡዕ ጠዋት ልጇን አስከትላ መጣች። ልጅቱ ቁጭ ሳትል መናገር ጀመረች።

«ጋሼ፣ የአባቴን ሱቅ ልከፍት ነው። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። የቤቱ ባለቤት እስከ ዓርብ ፈቃድ ካላመጣሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎኛል። መስኮቱ ጋ ስጠይቅ ደግሞ በዚህ ሱቅ ያልተዘጋ ፋይል አለ፣ አባትሽ መጥቶ ይዝጋ አሉኝ።»

«ታዲያ ደግፋችሁ አምጡት እንጂ» አሉ ጋሽ ሦስት ኮፒ።

«አባቴ ከሞተ እኮ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው!»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች።

«ሦስቴ ይማረው ብዬሻለሁ!»

«ብለውኛል።»

«አሜን ብለሻል!»

«ምን ልበል ታዲያ፣ ጋሼ?»

በጣም ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን ብዙም አልቆየም። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ነገሩ ደግሞ ቀልድ አልነበረም። ሰው ሲሞት ወራሹ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ በሠላሳ ቀን ማስታወቅና ፋይሉን ማዘጋት አለበት። በሟች ስም መፈረም ደግሞ ሊያሳስር ይችላል።

«ባለፈው ወር ነው የሞተው ብለው ቢጽፉልንስ?» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

«የሞት ማስረጃው ላይ ቀኑ ቁጭ ብሎ! አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ልትሸፍኚ?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ፤ እነሱ ደርሰውበት ሲጠሩሽና አንቺ ራስሽ ቀድመሽ ስትሄጂ ሕጉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እናትሽ የማስተካከያ ማመልከቻ ታስገባለች። ምን እንዳደረገች፣ ለምን እንዳደረገችው፣ እንደሆነው ይጻፋል።»

እስክሪብቶ አንስተው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ለምን ፈረምሽ፣ እህቴ?»

ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ሰዓቱን አየ፤ ጋሽ ሦስት ኮፒ ገላመጡት።

«ሌላ ደብዳቤ በስሙ አይመጣም ነበር» አለች በመጨረሻ። «የውኃውም የመብራቱም በእኔ ስም ነው። ወዳጆቹም ቀስ በቀስ ማንሳት ተዉት። ይሄ ቢሮ ብቻ በዓመት አንዴ ‹ለአቶ› ብሎ ይጽፍለታል። ፋይሉን ካዘጋሁት እነዚህም ይረሱታል ብዬ ነው።»

ልጅቱ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጋሽ ሦስት ኮፒ ማመልከቻ ሲጽፉ «በታላቅ ትሕትና» ሳይሉ ጀምረው አያውቁም። ይህኛውን ግን ሴትዮዋ እንዳለችው፣ ቃል ሳይጨምሩ ጻፉት። እንደ ሥርዓታቸው ሊያነቡላት ጀምረው «ለአቶ» የሚለው ላይ ሲደርሱ መስመሩን ከመጀመሪያው ደግመው አነበቡ። ሲጨርሱ በራሷ ስም ፈረመች።

ከዚያ ጠረጴዛቸውን ለሹፌሩ አደራ ብለው አብረው ገቡ። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ያሠለጠኗት ናት። ወረቀቱን አንብባ ሳትጨርስ ሽማግሌው ጎንበስ አሉ።

«ሦስቱንም ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። ፈራሚውን አላየሁም፤ ማየት ነበረብኝ። ይህንንም መዝግቢው።»

«ጋሼ፣ እዚያ ደጅ የሚቀመጡበትን ፈቃድ እኮ ሊነጥቁዎት ይችላሉ።»

«ይንጠቁኝ። እውነቱ ይጻፍ።»

ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን ይዛ ወደ ኃላፊው ገባች። ቆየች። የሰዓት ሠሪው ሚስት አስቀድማ ከፍርድ ቤት ያወጣችውን የወራሽነት ወረቀት ስታጥፍና ስትዘረጋ ልትጨርሰው ነበር። ሠራተኛዋ ስትመለስ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ራሳቸው ስለመጡና ቅጹም ባዶ ስለነበር በማስጠንቀቂያ ታልፏል። ለእርስዎም እንደዚሁ፣ ጋሼ። ኃላፊው ‹ከእንግዲህ ፈራሚውን ሳያዩ እንዳይሞሉ› ብለዋል።»

ፋይሉ ላይ ማኅተሙን አሳረፈችበት። ሴትዮዋ ደነገጠች።

«በቃ፣ ሁለተኛ አይመጣም?»

«በሳቸው ስም አይመጣም፣ እናቴ።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ መቀበሏም ይሁን መሰበሯ አልታወቀም። ጋሽ ሦስት ኮፒ ፋይል ሲዘጉ በኖሩበት ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ክንዷን ያዙ።

ሠራተኛዋ ለፈቃዱ የሚያስፈልገውን አዲስ ፋይል ከፈተች። «ሙሉ ስም?» አለች ወደ ልጅቱ። ልጅቱ የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ተናገረች። ሠራተኛዋም ስህተት እንዳይኖር የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችው።

እናትየው ቀና አለች።

«ደብዳቤው ሲመጣ እንዲህ ተብሎ ነው የሚጻፈው? ከነአባቷ?»

«እንዴታ! ያለአባት ስም መቼ ልከን እናውቃለን?»

ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «እስቲ የኔ ልጅ፣ እንደገና አንብቢልኝ» አለች።

ሠራተኛዋ ከኋላቸው ያለውን ረጅም ሰልፍ አየች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ እንደገና አነበበችላት።