ጋሽ ሰይድና የወንድሜ ስለት

ባለፈው ሰሞን በጣና ዳር ስሄድ ከዛፎቹ ሥር የጋንጃ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። እርጥብ ሣር ሲጤስ የሚሸተውን ይመስላል። ወዲያው ትዝ ያሉኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው።

ጋሽ ሰይድ ፋሲሎ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከአጥራችን ማዶ፣ የዓሣ መረብ ይሸጡና ይጠግኑ ነበር። ሱቃቸው የናይለን ክርና የሐይቅ ጭቃ ይሸታል፤ ከጣሪያው አረንጓዴ መረብ ስለሚንጠለጠል ጎንበስ ብለን ነበር የምንገባው። ባትሪው ያበጠ ስልካቸው በላስቲክ ታስሮ ቀኑን ሙሉ መንዙማ ያሰማል። የገባ ሁሉ የመረብ ጫፍ ይይዝላቸዋል፤ እጁን አጣጥፎ ከእሳቸው ጋር ያወራ ሰው አላውቅም።

ያን ሽታ መጀመሪያ ያገኘሁት በታናሽ ወንድሜ በብሩክ ሹራብ ላይ ነበር። እኔ ታላቅ እህቱ አሥረኛ ክፍል፣ እሱ ስምንተኛ ነበርን። ስጠይቀው አለቀሰ።

"እኔ አላጨስሁም፤ እነሱ ናቸው። ነገ ግን ያንተ ተራ ነው ብለውኛል።"

እነሱ ማለት ከትምህርት ቤት መልስ ሐይቁ ዳር የሚጠብቁት፣ ከእሱ ከፍ ያሉ ልጆች ናቸው። ይህንኑ ማጨስ ጀምሮ አእምሮው የታወከ የሰፈር ልጅ ስላየሁ ፍርሃት ያዘኝ። ለእናታችን እንዳልነግር ደም ግፊቷን ፈራሁ። እጁን ይዤ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሮጥሁ።

እንደ ልማዳቸው መረብ አስያዙንና ነገሩን ሁሉ ሰሙ።

"እምቢ አትላቸውም?"

"እምቢ ስል ፈሪ እያሉ ይስቁብኛል፣ ጋሽ ሰይድ።"

"እንግዲያ ስለት አለብኝ በላቸው። ስለት ያለበትን ሰው ማን ይደፍራል?"

"ስለት የለብኝማ! በስለት ይዋሻል እንዴ?"

"ታዲያ ተሳላ! ለየትኛው ታቦት ብለህ ግን እኔን እስላሙን እንዳትጠይቀኝ።" ከት ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ብሩክ መረቡ ላይ አጎንብሶ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ምን ብሎ እንደተሳለ አልሰማሁም።

በማግስቱ ከሩቅ ተከተልሁትና አጠገባቸው ካለ ዛፍ ጀርባ ተደበቅሁ። ረጅሙ ልጅ የተጠቀለለውን ለኩሶ አፉ ድረስ አስጠጋለት።

"ስለት አለብኝ" አለ ብሩክ።

አንዱ መሳቅ ጀመረ። ረጅሙ ግን የራሱን የአንገት ማዕተብ ነካ አደረገና እጁን ሰበሰበ። "ተወው ባክህ፤ መዘዝ አታምጣብን!"

ብሩክ እስኪመጣ መሬት ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ከዚያ በኋላም በጠሩት ቁጥር ያችኑ ይላቸዋል፤ ቀስ በቀስ መጥራቱን ተዉት።

ጋሽ ሰይድ ካረፉ ቆዩ። ሱቃቸው ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ብሩክ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ፔዳ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ እዚያም ና ሞክር የሚሉት አልጠፉም፤ እሱም መልሱን አልቀየረም። በቀደም ጠየቅሁት።

"ያ ስለት እስካሁን አላለቀም እንዴ? ምን ብለህ ነው የተሳልኸው?"

"እህቴ ስለ እኔ መፍራቷን እስክትተው ድረስ አልነካም ብዬ ነዋ።"

ስቄ አለፍሁት። አመሻሹ ላይ ስደውልለት ግን ስልኩ አልነሳ አለኝ፤ እንደ ድሮው ፈርቼ ደጋግሜ ደወልሁለት። ስለቱ ገና አላለቀም።