አሎካዲና «መጽሐፍ አየሁ» የሚሉት ሰውዬ

ከጣፋጭ ሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አለ። አንድ ክፍል፣ አንድ የሚንጫጫ የጣሪያ ማራገቢያ፣ አንዲት አሎካ። ሽማግሌውም ሕፃኑም አሎካዲ ነው የሚላት፣ እህትዬ እንደ ማለት። የምታውሰው አብዛኛው ምናባዊ ልቦለድ ነው፤ የሚያኮርፍ ወንዝ፣ እንቅልፉን ያከራየ ንጉሥ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ሌላ ማንበብ ለፈለገ ከተማችን ካልካታ ሰፊ ነው ትላለች።

ደግሞ ማንንም «ምን ዓይነት ትወዳለህ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሕፃን ከመጣ፣ ጨለማ ውስጥ ምን እንደሚያስፈራው ነው የምትጠይቀው። አልጋ ሥር ያለው ጭራቅ ካላት፣ ጭራቁ ጅል የሆነበትን መጽሐፍ ታወጣለታለች። ልጁ መጽሐፉን ሊመልስ ሲመጣ ጭራቁን እየሰደበ ነው የሚገባው። ለጎረምሶቹና ለኮረዶቹ ግን ተንኮሏ ሌላ ነው። እንዲያነቡት የፈለገችውን መጽሐፍ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ትሰቅልና «እሱ ይከብዳችኋል፣ ተዉት» ትላለች። በማግሥቱ መጽሐፉ ቦታው ላይ የለም።

የሚያስቸግሯት አዋቂዎቹ ናቸው። ትልቅ ሰው ስለ ዘንዶ ማንበብ ያሳፍረዋልና ሁሉም «ለወንድሜ ልጅ ነው» ይላል። በእኛ መንደር ያለው የወንድም ልጅ ቢሰበሰብ አንድ ትምህርት ቤት ይሞላል። አሎካዲም ፊቷ ሳይፈታ «የወንድምህን ልጅ ሰሞኑን ምን አስከፋው?» ትልና፣ ለራሱ ለሰውዬው የሚሆነውን መርጣ በጋዜጣ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። እኔም የወንድም ልጅ የለኝም። አንድ ቀን ሕልም እየቀቀለች ስለምትሸጥ ሴትዮ የሚያወራውን ሰጠችኝና እሱን ስገልጥ የጣድኩትን ወተት አሳረርኩ። ሚስቴ አኮረፈችኝ፤ ኋላ ግን መጽሐፉን ቀምታ ጨረሰችው።

ሺቦቶሽ ባቡ፣ አቶ ሺቦቶሽ እንደ ማለት፣ ግን እዚያ በር ደርሰው አያውቁም ነበር። የባቡር መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ ጃንጥላቸው በፀሐይም በዝናብም ከብብታቸው አይወጣም። ባለቤታቸው አምና ካረፉ ወዲህ፣ ወላጆቿ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሚኖሩት የልጅ ልጃቸው ከቲቲር ጋር ለሁለት ቀርተዋል። በዚያ ቤት የሚሰማው «በላሽ?» እና «አጠናሽ?» ብቻ ነው። ልጅቷ ወግ ሲያምራት ወደ አሎካዲ ትሮጣለች።

በእኛ ዘንድ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ የጥናት መጽሐፍና የተረት መጽሐፍ። ሁለተኛው የሚነበበው በመጀመሪያው ሆድ ውስጥ ተደብቆ ነው። ቲቲርም እንደ ሁላችን አድርጋ፣ ተረቱን ጂኦግራፊዋ ውስጥ ሸጉጣ ስታነብ ድንገት ሳቋ አመለጣት። ሺቦቶሽ ባቡ በጂኦግራፊ የሳቀ ሰው አይተው ስለማያውቁ ተነሥተው መጡ፣ ገለጡ፣ ያዟት።

በዚያው ቀን ከሰዓት እኔ ለአሎካዲ አንድ ሰሃን ሳንዴሽ፣ ያን የወተት ጣፋጭ፣ ይዤላት ገብቼ ሳለ፣ ሽማግሌው ልጅቷን አስከትለው ደረሱ። የቲቲር ዓይን አብጧል። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ስሟ ከአባልነት እንዲሰረዝ፣ ፈተና እንደ ደረሰ፣ መጽሐፉም ከሽፋን እስከ ሽፋን ውሸት እንደሆነ ተናገሩ። ሊወጡ ዘወር ሲሉ ያ የሐምሌ ዝናብ ወረደ። መንገዱ ወዲያው ወንዝ ሆነ። ጃንጥላቸው እንኳ ሊያወጣቸው ስላልቻለ ተቀመጡ፤ እኔም በሸክላ ስኒ ሻይ አመጣሁላቸው።

ሻዩ ይሁን ዝናቡ፣ ምላሳቸው ተፈታ።

«እኔ መጽሐፍ ጠልቼ እንዳይመስልሽ» አሏት። «ከባለቤቴ ጋር በየቅዳሜው አዲስ መጽሐፍ ሳናይ ቀርተን አናውቅም።»

የእሳቸው ዘመን ሰዎች ፊልምን «መጽሐፍ» ነው የሚሉት። መጽሐፍ አየሁ ካሉ ሲኒማ ቤት ገብተዋል ማለት ነው። አሎካዲ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ያላወቀች መስላ ከሁሉም የትኛውን እንደወደዱት ጠየቀቻቸው።

«ቤተ መንግሥቱ የሚበርበትን ነዋ። ንግሥቲቱ ጣራው ላይ ሆና ፀጉሯን ስታጥብ፣ እኛ ታች ያለነው ዝናብ መጣ እንላለን። ባለቤቴ እሱን ደጋግማ ነው ያየችው።»

«ቤተ መንግሥቱ በረረ?»

«በረረ እንጂ።»

«በምን ሞተር?»

ቲቲር በመዳፏ አፏን ያዘች።

«እርስዎም ዕድሜዎን ሙሉ የተረት መጽሐፍ ሰው ነዎት» አለቻቸው አሎካዲ። «እርስዎ ያዩታል፣ እሷ ታነበዋለች። ሌላ ልዩነት የላችሁም።»

ሲኒማ ሌላ ነው ሲሉ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። እሷም አልተከራከረችም። ከጀርባዋ አንዱን ሳብ አድርጋ በጋዜጣ ጠቀለለችና፣ ስሟን ከመሰረዜ በፊት ይህን ይዩልኝ አለቻቸው። ያንብቡልኝ አላለችም፤ ይዩልኝ ነው ያለችው። ለማን እንደሆነ ሲጠይቋት «ለወንድምዎ ልጅ» አለች። ዝናቡ ሲያባራ ጥቅሉን ከጃንጥላው ጋር ብብታቸው ውስጥ ከትተው ሄዱ።

መጽሐፉ የሞተች ሚስቱን ሊመልስ ከወንዝ ሥር ወዳለ አገር ስለወረደ አንድ የመንገድ መብራት አብሪ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ተቆጣኋት። ሐዘኑ ገና ያልሻረለትን ሰው እንዲህ ይነካኩታል? አልኳት። እሷም ፈርታ ነበር። ቀኑ ሄደ፣ ሽማግሌውም ልጅቷም ድምፃቸው ጠፋ። አሎካዲ መደርደሪያ እያጸዳች ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። ልጅቷን በራሴ ጥፋት አጣኋት ብላ ሳንዴሼን ሳትነካ መለሰችልኝ፤ ይህ ደርሶብኝ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱም መጡ። ሺቦቶሽ ባቡ መጽሐፉን ጣታቸው መሐሉ እንደገባ ይዘውታል፤ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው።

«ንገሪኝ» አሉ። «ያገኛታል ወይስ አያገኛትም? ካላገኛት አልገልጠውም።»

አሎካዲ የመጽሐፍ መጨረሻ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእኔ እንኳ፣ በራስጉላ ጣፋጭ ብደልላትም። እሳቸውን ግን አየቻቸውና ትንሽ አመነታች።

«አልነግርዎትም» አለች በመጨረሻ። «ብቻዎንም አይግለጡት። ቲቲር አለች አይደል?»

ቲቲር አግዳሚው ላይ ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መብራት አብሪው ሚስቱን አገኛት። እጇን ይዞ እንሂድ ሲላት ግን አልተነሣችም፤ «ቤት ውስጥ መብራት የምታበራለት ሰው አልቀረህም?» ብላ ጠየቀችው። እዚህ ላይ የልጅቷ ድምፅ ተቆረጠ። ሺቦቶሽ ባቡ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መጽሐፉን ከእጇ ወሰዱ፣ እሷ ካቆመችበት ቀጥለው እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡላት።

ከዚያ ተነሡና ጃንጥላቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። ስም መሰረዙን ማንም አላነሣም።

«ጥሩ መጽሐፍ አየን» አሉ ለአሎካዲ። ወደ ልጅቷም ዞረው «ለፊታችን ቅዳሜ አንቺ ምረጪ» አሏት።