ጠባሳ የሌለው ሕክምና

እናቴን ያዳናት ቱቦ ነው። ይህን ስናገር ዘመድ ሁሉ ይስቅብኛል፤ እንግዲህ ጽፌው ይውጣልኝ።

ዓይኗ ቢጫ ሲሆንና ሽንቷ ሲጠቁር ታላቅ እህቷ ከዘንገና መጣችና «የወፍ በሽታ ነው» አለች። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ይባላል እኛ አገር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተወቀጠ ቅጠል አጠጣቻት። እኔም ዳንግላ ላይ የሰው ልጅ የማስተምር ሰውዬ፣ አፌን ለጉሜ ተቀመጥኩ። ለዚህ ራሴን ይቅር አልልም። ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት ነው በሚኒባስ ይዣት ባሕር ዳር የሄድኩት።

ሐኪሙ ጠጠር የሐሞት መውረጃዋን ደፍኖታል አለኝ። ድሮ ሆድ ይቀደድ ነበር፤ አሁን ግን ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ፣ አንጀት ድረስ ወርዶ፣ የመውረጃውን አፍ ከፈት አድርጎ ጠጠሩን ይለቅመዋል። ለዚያ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ነበረብን፤ ይህም ያናድደኛል። በሰመመን ተኛች፣ ነቃች፣ ውሎ አድሮ ዓይኗ ነጣ። ጠጠሩን በራሱ እንዲወጣ እዚያው አንጀቷ ውስጥ ስለጣሉት ይዘነው የምንመለሰው ነገር አልነበረም።

እንጅባራ እናቴ ቤት ስንገባ አክስቴ የእናቴን ቀሚስ ገልባ ሆዷን አገላብጣ አየች።

«የታለ የተቀደደው? አንቺን ያዳነሽ ቅጠሌ ነው። ሐኪሙማ አስተኝቶ መለሰሽ።»

እናቴም «እውነቷን ነው፤ ምን አደረጉኝ?» አለች። ቆሽቴ አረረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ የአክስቴ ዓይን ቢጫ ሆነ። እግሯ ላይ ወደቅኩ። «እኔ ልውሰድዎ፣ አይቀዱዎትም» ብዬ ለመንኳት።

«የማይቀድ ሐኪም ምን ይሠራልኛል?» አለችኝ።

ወደ እናቴ ዞርኩ። «አንቺ ንገሪያት፣ አንቺን ትሰማለች» አልኳት። «እኔን ቅጠሉ አድኖኝ፣ እሷን ሐኪም ቤት ሂጂ ልበላት?» አለች። ጮህኩባት፤ እናቴ ላይ ስጮህ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። አልሰማችኝም።

አክስቴን ቀበርናት። ድንኳኑ ውስጥ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ያን ንጹሕ ነጭ ዓይኗን አየሁት።

«ቅጠሉን ቀደም ብላ ብትጀምረው ኖሮ» አለችኝ።