በጾም ቀን አብዪው

እንግዳው ያስመለሰው ፍልሰታ በገባ በአሥረኛው ቀን ነው። ከሀና ማርያም ቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጠላዬ ዝናብ ጠጥቶ ከብዶኝ፣ በሩን ገፋ ሳደርግ መጀመሪያ ዐይኔ የገባው እሱ ነበር። የመስታወት ሳጥኑ ጥግ ላይ ልጥፍ ብሎ ተኝቷል። አፉ ሥር ደግሞ ትናንት በእጄ ያጎረስኩት ትል እንዳለ፣ ሳይፈጭ ወድቋል።

እንግዳው የምለው እንሽላሊት ነው። አትሳቁ። ግድግዳ ላይ የሚሮጠው ዓይነት አይደለም፤ ቢጫ ሆኖ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ከመዳፌ ትንሽ የሚረዝም፣ ሲያዩት ፈገግ ያለ የሚመስል ፍጡር ነው። የልጅ ልጄ ጌኮ ትለዋለች። መሥሪያ ቤቷ የነበረች አንዲት ፈረንጅ ከአገር ስትወጣ የምትተውለት ሰው አጥታ ለሷ ሰጠቻት። ያን ቀን "ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ" ብዬ ነበር። ተወልጄ ባደግኩበት አገር እንሽላሊት ሲታይ ድንጋይ ነው የሚነሳው። ግን ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ቀና ብሎ አየኝና፣ ልክ መንገድ እንደደከመው ሰው፣ ዐይኑን ቀስ አድርጎ ጨፍኖ ገለጠ። ልቤ እዚያው ላይ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ እንግዳው አልኩት።

ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን ሥራ ይዛ፣ ሁለታችን አብረን ነው የምንኖረው። በሐምሌ አጋማሽ መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ሐዋሳ ሲልካት እናቷ፣ የኔው ልጅ፣ በስልክ ጮኸችባት። ስልኩ ድምፁ ስለሚወጣ ሁሉንም ሰማሁት።

"ለእማዬ ነው ትተሽው የምትሄጂው? ባለፈው ሽሮ ጥዳ ወጥታ ቤቱን ልታቃጥለው አልነበር? ረስታ ትገድልልሻለች!"

ልጅቷ እኔን እያየች፣ "ከማንም በላይ የማምነው እሷን ነው" አለቻት።

ይህን ቃል ተሸክሜ ነው ያን ክረምት የከረምኩት። ሽሮው ላይ የተባለው ውሸት አይደለም። እግሬ አርፎ አይቀመጥም፤ ጨው ልገዛ ወጥቼ ሀይሌ ጋርመንት ድረስ ሰው እያየሁ፣ አዲስ ሕንፃ እያየሁ የምሄድ ሴት ነኝ። እና የመርሳት ነገር በቤታችን ስሙ ሲነሳ ሁሉም ወደኔ ያያል።

ከመሄዷ በፊት ሳጥኑ ጎን ላይ ወረቀት ለጠፈች፤ ከላይ እስከታች በእጇ የተጻፈ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው፤ እሱንም ከሷ ጋር ስዞር ከታክሲ ታፔላና ከሱቅ በር ላይ። የታፔላ ፊደል ቀጥ ብሎ ቆሞ ይጠብቅሃል። የእጅ ጽሑፍ ግን እየሮጠ ነው፤ አልደርስበትም። እሷም ታውቃለች።

"እማማ፣ ይሄን ሁሉ ማንበብ ይደክምሻል። ባጭሩ፣ በጾም ቀን አብዪው። ስትጾሚ ይበላል፣ ስትበዪ ይጾማል። አምስት ትል፣ በቃ።"

"ይቺ ምን አላት!" አልኩ።

"ቢለምንሽ እንዳትሰጪው። ጭራውን አየሽው ወፍራሙን? ስንቁ እዚያ ነው ያለው። አይራብም።"

ትሎቹ በባልዲ ውስጥ ፉርሽካ እየበሉ ይባዛሉ። እሮብና ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ እኔ ምንም ሳልቀምስ፣ አንድ አንዱን በወረንጦ እየያዝኩ አቀርብለታለሁ። የጭራው ጫፍ እንደ ድመት ጭራ ይንቀጠቀጥና፣ ቀጭ! ይውጠዋል። ሁለት ሳምንት እንዲህ በሰላም ሄደ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

የጾም ቀን ነው፤ አበላሁት። በማግስቱም ጾም ነው፤ አበላሁት። በሦስተኛው ቀን ይኸው ልጅቷ እንዴት ብልህ ናት፣ ለኔ የሚመች አድርጋ ነው ያዘጋጀችው እያልኩ አበላሁት። ስትደውል የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"በላ?"

"እንዴት አድርጎ!"

"እሰይ፣ የኔ እናት።"

ጭራው እንደ ሕፃን ክንድ ወፈረ። ኮራሁ። በሰባተኛው ቀን ፊቱን አዞረብኝ። እንዳኮረፈ ልጅ አባብዬ፣ ትሉን ከንፈሩ ላይ እያሻሸሁ አጎረስኩት። በስምንተኛው ቀን መብራት ሄደ። ከሳጥኑ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ስስ ምንጣፍ አለ፤ እሱ ቀዘቀዘ። ነሐሴ ነው፣ ቤቱ ለኔም ቀዝቅዟል፣ አብረን እንችለዋለን አልኩና በዘጠነኛውም ቀን አበላሁት።

እንግዲህ በአሥረኛው ቀን ያን ትል ወድቆ ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ተራበ ብዬ ነው። ሆዱ ባዶ ቀረ፣ ቶሎ ካልሞላሁለት ይሞታል ብዬ ወረንጦውን አነሳሁ። አዲስ ትል አፉ ላይ አደረግኩ። አልከፈተም። ገፋ አደረግኩ። ዐይኑን እንኳ አልገለጠም። በጣቴ ሆዱን ነካሁት፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዞ፣ ግን ተነፍቶ ጠጥሯል። ትሉን ወደ ባልዲው መለስኩት።

ስልኬ ቻርጅ ካለቀበት ቆይቷል። ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ወደ ሀይሌ ጋርመንት በሚወስደው መንገድ ዳር ፉርሽካ የምገዛባት ባለሱቅ አለች፤ የስልጤ አገር ልጅ፣ ቀልደኛ። ጭቃውን እየረገጥኩ ስመጣ ከሩቅ አየችኝ።

"እማማ! ምን አባረረዎት? ጅብ በቀን ወጣ እንዴ?"

"እንግዳዬ ሊሞትብኝ ነው።"

"የትኛው? ያ ፉርሽካዬን የሚጨርሰው?"

"እሱ ትል ነው የሚበላው። ፉርሽካውን የሚበሉት ትሎቹ ናቸው።"

"ዞሮ ዞሮ የኔን ፉርሽካ ነው የሚበላው" አለችና ፊቴን ስታይ ቀልዱን ተወች። ስልኬን ተቀብላ ከፓወር ባንኳ ጋር ሰካችው። ሲነሳ ደወልን። ልጅቷን ማግኘት አይቻልም ይላል። ደግመን ደወልን። አይቻልም።

"እስቲ ይቀመጡ" አለችኝ፤ የዘይት ጀሪካን ገለበጠችልኝ። "መቼ ነው የበላው?"

"ትናንት።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"ከዚያ በፊት?"

"በየቀኑ ነዋ! ጾም አይደል?"

"እሱ ይጾማል?"

"ኧረ እኔ ነኝ የምጾመው። እሱን በጾም ቀን አብዪው ተብያለሁ።"

የያዘችውን መስፈሪያ አስቀመጠች። "እማማ፣ ይሄ አሁን የያዛችሁት ጾም ስንት ቀን ነው?"

"አሥራ አምስት።"

"ልጅቷ ስትነግርዎት ገብቶ ነበር?"

"የለም፣ ገና ሐምሌ ነበር። ያኔ የምንጾመው እሮብና ዓር…"

አፌ ላይ ቀረ።

"ያ አላህ" አለች ቀስ ብላ። "የኛ ረመዳን ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ቀን ሊያበሉት ነበር?" ሳቋ መጥቶባት ነበር፤ ዋጠችው። "ምን ይደረግለት? የተጻፈ ነገር የለም?"

"ወረቀት አለ። ቤት ነው ያለው።"

"ያምጡት ላንብብልዎት።"

አንዴ ልመለስ፣ አንዴ ልመጣ፣ እንደገና ልመለስ? በኔ እግር? እሱ እስከዚያ የለም። ስልኬን ነቅዬ ወጣሁ። በሕይወቴ ስንቱን መንገድ ሄጃለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግራ ቀኝ ሳላይ የሄድኩበት ግን የለም።

ወረቀቱን ከመስታወቱ ላጥኩና መነጽሬን አድርጌ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ሰማዩ ጠቁሯል። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ፣ ድምፄን አውጥቼ ጀመርኩ። በ… ሳ… ም… ንት… ሁለቴ። እሮብና ዓርብ። ይሄው ከላይ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ ነበር። አራት ሳምንት ሙሉ አጠገቡ ስቀመጥ፣ ነጠላዬን ሳሰጣበት፣ ይሄው ነበር።

ወደ ታች ወረድኩ። ትልቅ ስለሆነ በየቀኑ አይበላም። ሆዱ ካልሞቀ የበላው አይፈጭም። መብራት ከጠፋ አታብዪው። እያንዳንዱ መስመር እኔ ያደረግኩትን ቆጥሮ የሚያነብብኝ መሰለኝ። ሳጥኑን በዐይኔ ጠርዝ አያለሁ፤ አይንቀሳቀስም። ከታች ደረስኩ። ካስመለሰ… ምግብ… የለም። ውሃና… ሙ… ት… ብቻ።

ሙት።

ጣቴ እዚያ ላይ ቆመ። ልጅቷ እንዲህ ብላ አትጽፍም። ትጽፍ ይሆን? መድኃኒት የለውም ማለቷ ይሆን? መነጽሬን በቀሚሴ ጠርዝ ጠረግኩ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አነሳሁ። በ‹ሙ› እና በ‹ት› መካከል አንዲት ሰበዝ የመሰለች፣ በሩጫ የተጫረች ነገር አለች። ቀ ናት። ሙ-ቀ-ት። ውሃና ሙቀት ብቻ። ሳምንት ይቆይ።

"እግዚአብሔር ይይልሽ፣ ቀ ስትጽፊ ቀ አድርገሽ ጻፊ!" አልኩ ብቻዬን፣ እንባዬም መጣ።

በረንዳ ላይ ከሰል አያይዤ ውሃ አሞቅኩ። በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ሞልቼ፣ በአሮጌ ሻርፕ ጠቅልዬ፣ ሳጥኑን ከአንድ ጎኑ አስጠጋሁበት። የወደቁትን ትሎች አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሌላ። ሲቀዘቅዝ ሌላ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ እህል አልቀመስኩም፣ ትዝም አላለኝም። ጎረቤት በሩን አንኳኳ፣ አልከፈትኩም። አገጬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጎኑን ብቻ አያለሁ፤ ከፍ ይላል? ይላል። ቆይቶ። እንደገና ከፍ እስኪል ድረስ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ዐይኑን ገለጠ። ወደ ሙቀቱ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ። በጣቴ ጫፍ የውሃ ጠብታ አፍንጫው ላይ አደረግኩለት። ምላሱን አወጣና ላሰው።

መብራት የመጣው ሊመሽ ሲል ነው። ስልኩም ያኔ ጮኸ። ልጅቷ ነበረች።

"እማማ፣ ደውለሽ ነበር እንዴ? በላ?"

መዋሸት እችል ነበር። "በየቀኑ በላ። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ" አልኳት። "ዛሬ አስመለሰ።"

ከጀርባዋ ይሰማ የነበረው የሰው ድምፅ ራቀ፤ ከክፍሉ የወጣች መሰለኝ።

"ሞተ?"

"አልሞተም። ወረቀቱን አነበብኩት። ውሃና ሙቀት ብቻ፣ ሳምንት ይቆይ።"

"አንቺ? ራስሽ አነበብሽው?"

"ማን ያንብብልኝ!"

"በሳምንት ሁለቴ ማለት ሲገባኝ… ፍልሰታን ረሳሁት፣ እማማ። እኔ ነኝ የረሳሁት።"

"ሁለታችንም ነን። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።"

ሳቅና ልቅሶ የተቀላቀለበት ድምፅ አሰማች።

ፍልሰታ ተፈታ። ሰፈሩ ሁሉ ሥጋ ሸተተ፤ እኔ ስፈታ እሱ ገና ጾም ላይ ነበር። ሳምንቱ ልክ እንደ ሁዳዴ ረዘመብኝ። የጭራው ውፍረት ትንሽ ጎደለ፤ ስንቁን እየበላ መሆኑ ነው። ባለሱቋ ባለፍኩ ቁጥር "እንግዳው እንዴት ዋለ?" ትለኛለች፤ ፉርሽካ አልገዛሁም፣ እሷም አልቀለደችም። በነጭ ወረቀት ላይ እኔው ራሴ፣ እንደ ታፔላ ፊደል ቀጥ አድርጌ፣ እሮብ ዓርብ ብዬ ጻፍኩና መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። አንድ ሰዓት ሳይፈጅብኝ አልቀረም።

ልጅቷ ደወለች። "በላ?"

"ዛሬ ማክሰኞ ነው" አልኳት።

በማግስቱ አንድ ትል በወረንጦ ይዤ ወደ ሳጥኑ አስገባሁ። አየው? አላየውም። ብዙ ቆየን። ከዚያ የጭራው ጫፍ፣ ቀጭኗ፣ ተርገበገበች። ቀጭ።

ውጦ ሲጨርስ መስታወቱ ድረስ መጣና ሁለት እጁን ለጥፎ ቀና ብሎ አየኝ። ዐይኑን ጨፍኖ ገለጠ። እጄ ወደ ትሉ ባልዲ ሄደ። ክዳኑን ነካሁት።

መለስኩት።

"ዓርብ" አልኩት።