የሙሉወርቅ ውጤት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤዛዊት መሪ ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየሜ ድረስ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። እሷም እንደ እኔ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ነው የምታጠናው።

"አክስቴ፣ የዚህ ፔፐርሽ ሳይቴሽን እኮ ጉድ ነው! ስንት ተመራማሪ ጠቅሶታል! ሌሎቹ ሥራዎችሽ ተደምረው አይደርሱበትም" ብላ ሳመችኝ። እኔ ግን ከርዕሱ ሥር የተጻፈውን ስሜን እያየሁ ሙሉወርቅን አስብ ነበር።

ከእሷ ጋር ስንተዋወቅ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። ጥናቴ መድኃኒት አልበግረው ባለ የሳንባ ነቀርሳ ላይ ነበር። ከሕመምተኞች አክታ ተህዋሲውን እናወጣና ዘረመሉን እናስነብባለን፤ መድኃኒቱ ለምን እንዳልገደለው የሚታወቀው ከዚያ ነው። ከሕመምተኞቹ አንዷ ሙሉወርቅ እኩያዬ ነበረች፤ ኮተቤ ታስተምር ነበር። የታዘዘላትን መድኃኒት አንድም ቀን ሳታጓድል ጨረሰች፤ እንደገና ተሰጣት፤ ሳሉ ግን አልለቃት አለ። በመጨረሻ እናቷ እማማ አሰለፈች እንጦጦ ላይ ጠበሉ አጠገብ ክፍል ተከራይተው ይዘዋት ወጡ።

ናሙና ለመውሰድ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በታክሲ፣ ከዚያ በእግሬ እወጣለሁ። ክረምት ነበር። ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ዝናቡ ሲያባራ የባሕር ዛፉ ሽታ ደረት ይከፍታል፣ ጤነኛ ደረት ላለው። እማማ አሰለፈች ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ሳያበሉኝ አይለቁኝም። ሙሉወርቅ ደጅ ወጥታ፣ ፊቷን ከእኔ አዙራ ትስላለች። የአክታውን ብልቃጥ ከመስጠቷ በፊት ክዳኑን ደጋግማ ታጠብቀዋለች።

"የኔ ነገር አንቺን እንዳይነካሽ" አለችኝ አንድ ቀን።

"ጭንብል አድርጌ የለ እንዴ?"

"እሱንማ አየሁት። ይልቅ ንገሪኝ፤ ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒት ይቀየርልኛል?"

"መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንወቅ" አልኳት። ከዚያ ያለፈ የማውቀው አልነበረም።

ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አማካሪዬ ቢሯቸው ጠሩኝ። ዋና ዋናዎቹን መድኃኒቶች የሚያከሽፍ፣ ማንም ከዚያ በፊት ያልዘገበው ለውጥ ከሙሉወርቅ በወጣው ተህዋሲ ላይ ተገኝቷል። "ትልቅ ጽሑፍ ይወጣዋል" አሉ። ቀጥለው መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። "ለልጅቷ የሚሆነው መድኃኒት ግን አገራችን ውስጥ የለም።"

ያላንኳኳነው በር የለም። ሐኪሞች ለመንን፤ አማካሪዬ ውጭ ላሉ ጓደኞቻቸው ደወሉ። "አዲስ መድኃኒት ገና እየተሞከረ ነው" ከሚል በቀር መልስ ጠፋ። ዝም ማለት ስላልሆነልኝ እንጦጦ ወጥቼ ነገርኳት። በጋቢ ተጠቅልላ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ትከሻዋ የልጅ ትከሻ መስሏል።

"እንግዲህ አወቃችሁት ማለት ነው" አለች።

"አወቅነው።"

እማማ አሰለፈች የያዙትን ሳህን መሬት አስቀመጡ። "ልጄ፣ ካወቃችሁት ለምን አትገድሉትም?" አሉኝ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም፤ በእርግጥ እንዳስረዳቸው ነበር የፈለጉት። ሙሉወርቅ "እማዬ፣ ተያት" ብላ እጃቸውን ያዘች።

ጥቅምት ሳይወጣ ሞተች። ኮተቤ ስትቀበር ተማሪዎቿ የትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጥተው ነበር። ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ታተመ። እሷ እዚያ ውስጥ "በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት" ናት፤ ደንቡ ስለሆነ ስሟ የለም።

አሁን እኛ ሕንፃ ላይ አንድ የሚኒባስ ሾፌር አለ። እሷን የገደላት ዓይነት በሽታ ይዞት፣ በኋላ አገር የገባው አዲሱ ክኒን እያቅለሸለሸው፣ እያማረረም ቢሆን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጠዋት ደረጃው ላይ ስንገናኝ "እንዴት አደሩ ዶክተር?" ይለኛል። ከልቤ ደስ ይለኛል። ያቺን ጽሑፍ የጠቀሱ ሰዎች ለእሱ መዳን ጥቂት አስተዋጽኦ ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ቤዛዊትም ይህንኑ ብላ ታጽናናኛለች። ልክ ናት። ግን ዕውቀት ቀድሞ ደርሶ መድኃኒት ሲዘገይ፣ በመካከል ያለውን ጊዜ የሚኖረው በሽተኛው ነው፤ ሙሉወርቅ ደግሞ ያን ጊዜ የኖረችው እያወቀች ነው።