የጋሼ ኃይሉ የካርቶን ስልክ

ባለፈው ሰሞን ኤል ሴሪቶ ከተማ፣ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ ካለ ፋርማሲ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ራሷ ሒሳብ እንድትከፍልበት የተቀመጠውን ማሽን ነካችው። ጢጥ አለ። እንደገና ነካችው። ጢጥ፣ ጢጥ። "ኦ፣ ሶሪ!" አለችው፣ ማሽኑን። እኔ ሆዬ ብቻዬን ሳቄን ለቀቅሁት። ሴትዮዋ በእሷ የሳቅሁ መስሏት ዞራ ገላመጠችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ጋሼ ኃይሉ ቢኖሩ ኖሮ፣ "እሷ ምን አጠፋች? ይቅርታ መጠየቅ ያለበት እሱ!" ብለው ማሽኑን በጣታቸው ይጠቁሙት ነበር። ደግሞ ጢጥ የሚለውን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ከማሽን ሳይሆን ከጋሼ ኃይሉ አፍ ነው።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ፍሩትቬል በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ባቡር ባለፈ ቁጥር ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ቡናማ ምንጣፍ፣ ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ፣ እማዬ እያወራች እስከ መታጠቢያ ቤት የምትጎትተው ባለ ረጅም ሽቦ ስልክ፣ ያ ነበር ቤታችን። ጋሼ ኃይሉ የአባዬ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ ኢንጂነር ሲሆኑ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ስልክ የሚሠራ አንድ ትንሽ ካምፓኒ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሰው ቤት በሌለበት ሜሴጅ በካሴት የሚቀበለውን ስልክ ማለቴ ነው። የእሳቸው ሥራ ግን የውስጡ ሽቦ አልነበረም። ሰው የሚያየውንና የሚነካውን ፊቱን ነበር የሚሠሩት፤ በተኑ የት ይሁን፣ መብራቱ መቼ ይብራ፣ ጽሑፉ ምን ይበል። አባዬ፣ "ኢንጂነር ነኝ ይላል እንጂ በተን ለጣፊ ነው" እያለ ያበሽቃቸዋል።

እኔ ግን እንደ እሳቸው ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። በር ከፍተው እንደ ሰው አይገቡም፤ ቆመው እጀታውን ያዩታል። "እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ በር ግፉኝ ነው የሚለው ሳቡኝ?" ይሉኛል። እኔም እጀታውን እያገላበጥኩ እከራከራቸዋለሁ። አንድ ቀን እማዬ ወተት የጣደችበትን ያጠፋች መስሏት የባዶውን ምድጃ ማዞሪያ አዙራ፣ ወተቱ ገንፍሎ ቤቱን ያረረ ወተት ሽታ ሞላው። ራሷን ስትረግም ጋሼ ኃይሉ ወጥ ቤት ገቡና ጎንበስ ብለው ምድጃውን መረመሩ። "እሳቶቹ በአራት ማዕዘን ተቀምጠው፣ ማዞሪያዎቹ ግን በአንድ መስመር ተደርድረዋል። የትኛው የየትኛው እንደሆነ በምን ታውቀዋለች? አንቺ አላጠፋሽም፣ በምድጃው ስም ይቅርታ፣ የኔ እመቤት" አሏት። እማዬ በምድጃ ምክንያት ይቅርታ የተጠየቀችው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

የሥራቸውን ነገር የሚሞክሩት በእኛ ላይ ነበር። እውነተኛውን ማሽን ሳይሆን ከካርቶን የሠሩትን ይዘው ይመጣሉ። ሳጥኑ ሲከፈት የሙጫና የማርከር ሽታ ይወጣል። በተኖቹ ከላጲስ የተቆረጡ ናቸው፣ መብራቱ ቀይ የጠርሙስ ክዳን ነው። ሰው በተን ሲነካ ጋሼ ኃይሉ በአፋቸው "ጢጥ" ይላሉ። ሜሴጁንም ራሳቸው ናቸው፣ ድምፃቸውን ቀይረው፣ አባዬን በስሙ እየጠሩ፣ "ሄሎ ተፈራ፣ ስትመጣ ኮል አድርግልኝ" የሚሉት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለቱን እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው፣ እጃቸው ላይ ተቀምጠው ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "እጄ አመለኛ ነው" አሉኝ። "ሰው ሲቸገር ካየ ዘሎ ይገባል። ከገባ ደግሞ ማሽኑ የቱ ጋ እንዳስቸገረ ሳላውቅ ቀረሁ ማለት ነው።"

በዚያው ዘመን ቤት ውስጥ እኔ ብቻ የማውቀው አንድ ነገር ነበር። አባዬ የሆቴል ሻትል ይነዳል፤ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። እሑድ እሑድ እኔን በራሳችን መኪና ሲወስደኝ፣ "እስቲ እንግሊዝኛሽን ልፈትንሽ፣ ያ ሰሌዳ ምን ይላል?" ይለኛል። መጀመሪያ እውነት ፈተና መስሎኝ ደስ እያለኝ አነብለት ነበር። በኋላ ግን በየሳምንቱ የምናልፈውን ሰሌዳ መልሶ ሲጠይቀኝ ገባኝ። አባዬ አያይም ነበር። እማዬ፣ "ምነው ዓይንህ እንዲህ የሚያነባው?" ስትለው፣ "ደህና ነኝ፣ አቧራ ነው" ይላታል። ለእኔም፣ "ፈተናችን በእኔና በአንቺ መካከል ይሁን" አለኝ። ቢታወቅበት ሥራውን እንደሚያጣ አውቃለሁ፤ እንዲሁ ሲነዳ ደግሞ አንድ ቀን ምን እንደሚመጣ ማሰብ አልፈልግም ነበር። ሻትሉን ሊነዳ ሲወጣ እስኪመለስ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፣ የምነግረው ሰው ግን አልነበረኝም።

የካርቶኑ ስልክ መጀመሪያ የመጣው አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጽጌም ነበሩ። ጋሼ ኃይሉ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና፣ "እየነካችሁ የምታስቡትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ" አሉ። እትዬ ጽጌ አማተቡ። "ብቻውን የሚያወራ እብድ ነው፣ እግዚኦ!" ሆኖም ገቡበት። አዳምጣለሁ ብለው የማጥፊያውን በተን ነኩት። "ጢጥ" አሉ ጋሼ ኃይሉ በሐዘን፤ ሜሴጁ ጠፋ። "እንዴት ነው እትዬ፣ አስቸገረዎት?" "ኧረ ምን ያስቸግራል! ግሩም ነው። እጅዎ ይባረክ!" እማዬም ሜሴጁን አጥፍታ፣ "በጣም ቀላል ነው" አለች። አባዬ ጭራሽ በተን እንኳ ሳይነካ እጁን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰ፣ "ቆንጆ ነው፣ እንከን አይወጣለትም" ብሎ ወደ ሶፋው ተመለሰ። ጋሼ ኃይሉ ትከሻቸው ወረደ። የእንግዳን ልፋት ፊት ለፊት ማን ያጣጥላል? በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ነን። ሲወጡ በር ላይ፣ "በምስጋና ገደላችሁኝ እኮ" ሲሉ ሰማኋቸው።

ሁለተኛ ሲመጡ ግን ሌላ ሰው ሆነው መጡ። ሳጥኑን እንደ ቆሻሻ ነገር ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት። "ይሄን የሠራው ቢሯችን ያለ አንድ ፈረንጅ ነው። እኔ የለሁበትም፣ ተሸከም ተብዬ ነው" አሉ።

ወይ ጉድ! ያን ቀን ቤታችን የወረደው ስድብ! እትዬ ጽጌ፣ "ይሄ ሰውዬ ሚስት የለውም፤ ብትኖረው ማዳመጫንና ማጥፊያን ጎን ለጎን አታደርግ ብላ ትመልሰው ነበር" አሉ። እማዬ፣ "ቀዩ መብራት ሜሴጅ አለ ነው ወይስ ተበላሸ ነው?" ብላ ተቆጣች። አባዬ ሳጥኑን አንስቶ አፍንጫው ድረስ አስጠጋውና፣ "ለጉንዳን ነው እንዴ የሚጽፈው? እርጉም!" አለ። ጋሼ ኃይሉ እጃቸው ላይ ተቀምጠው፣ እንደተመረቀ ሙሽራ ፊታቸው ያበራ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ጣታቸው ላይ የማርከሩን ቀለም ያየሁት። በእንግሊዝኛ፣ "አይ ኖው" አልኳቸው በሹክሹክታ። ጠቀሱኝ።

ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ሳጥኑ ተለውጦ ይመጣል። ማጥፊያው ለብቻው ራቅ አለ። መብራቱ ሜሴጅ ሲኖር ብቻ የሚበራ ሆነ። ጽሑፉ ደግሞ አባዬ በሰደበው ልክ እየፋፋ ሄደ። በመጨረሻ የመጣው ሳጥን ፊደሉ የሱቅ ማስታወቂያ ያክል ነበር። እትዬ ጽጌ እዚያው ወጥ ቤት እንደቆሙ ከሩቅ አንብበውት ሳቁ። አባዬ ተራው ደረሰና ሳጥኑን አዘንብሎ፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ዓይኑን አጥብቦ አየው። "አሁንም አልሰማም ይሄ ሰውዬ፤ ትንሽ ነው" አለ።

ሁሉም የቀልዱን መስሏቸው ሳቁ። ጋሼ ኃይሉ አልሳቁም። እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር ቀስ ብለው አወጡ።

ሲሄዱ፣ "ተፈራ፣ እስከ መኪናዬ ሸኘኝ" አሉት። እኔም ተከተልኩ። ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመው ቁልፋቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ "አንድ ነገር ዋሽቼሃለሁ" አሉ። "ፈረንጅ የሚባል የለም። ያን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ።"

አባዬ ክው አለ። "እና ያን ሁሉ ስድብ…"

"እኔን ነው የሰደብከው።"

"ምነው ኃይሉ? ምነው እንዲህ ታዋርደኛለህ?"

"እውነቱን ፊቴ ላይ እንደማትነግረኝ ስለማውቅ ነው። ነገሬን ነገርኩህ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው።"

"የምን ተራ?"

"የዓይንህ።"

ባቡሩ ከላያችን ባለው ድልድይ ላይ እየተንጓጓ አለፈ። አባዬ ዞሮ እኔን አየኝ። የነገርኳቸው እኔ መስዬው እንደሆነ ገባኝና አለቀስኩ። "ቴል ሂም፣ ዳዲ" አልኩት፤ አማርኛው ጠፋብኝ። አባዬ የመኪናውን ጣራ ተደገፈ።

"ጭጋግ ነው" አለ በመጨረሻ። "ሲመሻሽ ደግሞ መብራቱ ሁሉ ይበተንብኛል። ሰሌዳ የምታነብልኝ ይቺ ናት። ላይሰንሴን ቢወስዱብኝስ ኃይሉ? ሌላ ምን አውቃለሁ?"

"ሰው ጭነህ እኮ ነው የምትሄደው!" ጋሼ ኃይሉ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ስል ኖሬያለሁ። የዛሬው ሳጥን ግን ጥፋት የለበትም። አንተም የለብህም፣ ዓይንህ ታሟል። ከደበቅኸው ነው ጥፋት የሚሆነው።"

እማዬ ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ጮኸች እንጂ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተህ አታውቅም?" አለችው። በማግሥቱ፣ በርክሌ ሆስፒታል ከምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሳትወጣ ቀጠሮ አስያዘችለት። የዓይን ሞራ ነው ተባለ። አንዱን ዓይን፣ ቆይቶም ሌላውን ኦፕሬሽን አደረጉት። እስኪድን አለቃው ሻንጣ ጫኝ አደረገው፤ አባዬ እንደ ሕፃን አኮረፈ፣ ቤቱን ሁሉ አነጫነጨው። እኔ ግን ለሥራ ሲወጣ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

የሁለተኛው ዓይኑ መሸፈኛ ከተነሳ ጥቂት ሰንብቶ ጋሼ ኃይሉ እውነተኛውን ማሽን ይዘው መጡ። ነጭ ፕላስቲክ፣ ካሴቱ ውስጡ፣ ጢጥ የሚለውም ራሱ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና፣ "እኔ ነኝ የሠራሁት" ብለው እጃቸው ላይ ተቀመጡ። አባዬ ቀረብ ብሎ በዚያ አዲስ ዓይኑ ቀስ እያለ መረመረው። አንዱን በተን ነካ። ሜሴጁ ተሰማ። ሁላችንም እጅህ ይባረክ እስኪል ጠበቅን።

"ኃይሉ" አለ።

"አቤት።"

"አስቀያሚ ነው። ቀለሙ የሆስፒታል ነው። ፊደሉ ደግሞ ምንድነው እንዲህ የገዘፈው? ዕውር ያለበት ቤት አስመሰልከው እኮ!"

"ኧረ ተፈራ!" አለች እማዬ፣ አፏን ይዛ።

ጋሼ ኃይሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ተነሥተው የአባዬን ትከሻ አቅፈው ሳሙት፣ ሳሙት፣ ቶሎም አልለቀቁትም። "እሰይ፣ እሰይ ወንድሜ" ይሉ ነበር። አባዬም ትንሽ አፈር እያለ፣ "ግን ሳልጠይቅ ገባኝ፣ ማንም ሳያሳየኝ" አላቸው።

ጋሼ ኃይሉ ካረፉ ቆዩ። ማሽኑም ካሴት የሚባል ነገር ሲቀር አብሮ ተጣለ፣ የት እንደተጣለ እንኳ አላስታውስም። አባዬ ግን አለ፣ አርጅቷል። የጓደኞቼ አባቶች መታመማቸውን ልጆቻቸው የሚሰሙት ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። የእኔ አባት ራሱ ይደውላል። ትናንት ደውሎ፣ "መታጠቢያ ቤት ወድቄያለሁ፣ ጉልበቴ አብጧል፣ ትንሽ ፈርቻለሁም" አለኝ። "መጣሁ" አልኩትና ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ።