የመርከቧ ድምፅ

ሰውዬው የመጣው መጋረጃ ሊያሠራ ነበር። መካኒክ ነው፤ ራሱ የበራ፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ዘይት በሳሙናም አልለቅ ያለው፣ ሃምሳን የተሻገረ ሰው። «ወፍራም ይሁንልኝ እትዬ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይዋ ቴሌቪዥኑ ላይ እየወጣች አላሳይ ብላናለች» አለ። መጋረጃ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ልታወርድለት ስትል ስልኳ ጮኸ። ደንበኛ ናት፤ ማታ ከሥራ መልስ ልምጣና ልውሰድ ትላለች፣ እምቢ ስትባልም ትቆጣለች። መጋረጃ ሰፊዋ ሰው ሲቆጣት አትጮህም፤ ድምፅዋ ይባስ ቀዝቀዝና ጥርት ይላል።

«ከአሥራ ሁለት በኋላ ከመጡ በሩ ተዘግቷል» ብላ ስልኩን አስቀመጠች።

መካኒኩ ክው ብሎ ቀረ።

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ምኑን?»

«በሩ ተዘግቷል ያሉትን።»

የሚያሾፍባት መስሏት ገላመጠችው። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ በቀስታ ጨረሰው፦ «በሩ ተዘግቷል። ጉዞው ቀጥሏል።»

መጋረጃ ሰፊዋ ያገኘችው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ያንን ነገር ከአፏ ካወጣችው አርባ ዓመት ሆኖታል።

ያኔ የስልክ አገናኝ ነበረች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ቴሌቪዥን ጣቢያው «የንጋት መርከብ» የሚባል የጠፈር ተከታታይ ፊልም ከውጭ ገዝቶ፣ በአገሬው ቋንቋ የሚናገሩለት ሰዎች ሲያፈላልግ የእሷ ድምፅ በስልክ ተሰማና ተጠራች። ስቱዲዮ ተብዬው ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። ማይክሮፎኑ አንድ፣ ተናጋሪው ብዙ፤ ተራው የደረሰ ፊተኛውን በትከሻው ገፋ አድርጎ ይጠጋል። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው የራሱ ንግግር ያለበት ገጽ ብቻ ስለነበር፣ ታሪኩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። የእሷ ድርሻ መርከቧ ራሷ ነበረች፤ በር የምትዘጋው፣ አደጋ ሲመጣ የምታስጠነቅቀው ድምፅ።

ክፉውን አዛዥ የሚናገረው ደግሞ ቀን ቀን የመሬት ካርታ ሲነድፍ የሚውል ቀጭን፣ ዓይን አፋር ወጣት ነበር። ይንተባተባል፤ «ደህና ዋልሽ» ለማለት እንኳ ሦስት ጊዜ ይወድቃል ይነሣል። ማይክሮፎን ፊት ሲቆም ግን ሌላ ሰው! ያን ፕላኔት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ከየት እንደሚያመጣው እግዜር ይወቅ። እንድታገባው የጠየቃትም በዚያው ድምፅ ነው። በራሱ ሞክሮ ሞክሮ አልወጣ ሲለው፣ ደረቱን ነፍቶ «እጅሽን ስጪ! እምቢ ካልሽ ፕላኔትሽን አጠፋታለሁ!» አላት። እሷም ኮስተር ብላ «በሩ...» ብላ ጀመረች፤ ሳቋ አፈናትና መጨረስ አቃታት። በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ፊልሙን ግን አይታው አታውቅም። ያኔ ቴሌቪዥን አልነበራቸውም፤ በስንት ጣጣ ሲገዙም ተከታታዩ አልቆ ነበር። ባሏም ከሞተ ዓመታት አለፉ። ፎቶው ቤቱን ሞልቶታል፤ ድምፁ ግን የትም የለም።

«አለ እንጂ!» አለ መካኒኩ ይህን ስትነግረው። «ታላቅ ወንድሜ ከቴሌቪዥን በካሴት ቀድቶት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ ሰፈር ልጆች እኛ ቤት እየተሰበሰብን እያየነው ነው። ይምጡ በሞቴ!»

«የልጅ ልጅ ልታዩ ምን ቀራችሁና!» ብላ ወደ ጨርቋ ዞረች። መቀሱ ግን ያንን ቀን ቀጥ ብሎ አልሄደላትም።

ማታ ነርስ የሆነችው ልጇ ከሥራ ስትመለስ ነገሩን አጫወተቻት።

«እና እማዬ፣ የአባዬን ድምፅ መስማት አትፈልጊም?»

«እንዴት አልፈልግም!»

«ታዲያ?»

«ፈራኋ።»

 ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷ ፈረቃዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ፣ የእናቷን ጫማ ራሷ ጠርጋ በር ላይ ጠበቀቻት።

መካኒኩ ቤት ሳሎን ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉም ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው። ሶፋው ባዶ ሆኖ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል፤ ልጅ ሆነው የሚያዩት እንዲያ ነበር። አንዲት የሒሳብ መምህርት ብድግ ብላ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ፊልሙ ሲጀመር መጋረጃ ሰፊዋ ሳቅ ቀደማት፤ ከዋክብቱ የተበሳሳ ጥቁር ጨርቅ መሆናቸውን ሙያዋ ወዲያው ነገራት፣ ስፌቱም ጠማማ ነው። የራሷን ድምፅ ስትሰማ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለች፤ እውነቷን ነበር።

ከዚያ አዛዡ ተናገረ። ክፍሉ ሁሉ ቴሌቪዥኑን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ።

አላለቀሰችም። ትክ ብላ አዳመጠች፤ ቅር አላት። ድምፁ የእሱ ነው፤ ግን ወለል ያለ፣ እንቅፋት የሌለው። ቤት ውስጥ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። እሷ የናፈቃት ያ በየቃሉ እየተደናቀፈ፣ እሷም ዝም ብላ እየጠበቀችው፣ ሲወጣለት ፈገግ የሚለው ሰው ነው። «ደስ ይላል» አለች ለትሕትና ያህል፤ ቦርሳዋንም ጠጋ አደረገች።

«ቆይ ቆይ፣ ይቺን ሳያዩ አይሄዱም!» አለችና መምህርቷ የተከታታዩን ሌላ ክፍል አስከፈተች።

አዛዡ ወታደሮቹ ፊት ቆሟል። እጁን አነሣ። «ት... ት... ትእዛዜን ፈጽሙ!»

ምንጣፉ ላይ ያሉት ሁሉ አብረውት አሉት፤ «ት... ት... ትእዛዜን!»

«ሰፈሩ በሙሉ ይህንን እያለ ነው ያደገው» አለች መምህርቷ። «ያን ቀን ነው አዛዡን የወደድነው። ለካ ይሄም ሰው ይፈራል አልን።»

«መልሱልኝ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። መለሱላት። «እንደገና።» እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም።

«ፈርቶ ነበር እንዴ እትዬ?» አለ መካኒኩ ዝግ ብሎ።

«ፈርቶ ነበር። ያን ጠዋት ነው ማርገዜን የነገርኩት» ብላ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺን ነው የፈራው። ድምፅ የሚቀርጸው ባለሙያ ይደገም ቢል ሦስት ጊዜ ሞከረና አልሆንለት አለ፤ ተውት፣ ይለፍ ተባለ።» ልጅቷ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባትና ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች።

ከዚያ ወዲህ መጋረጃ ሰፊዋ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። ከምንጣፉ ይልቅ ሶፋውን ትመርጣለች፤ ጉልበቴ አይታዘዝልኝም ትላለች። የመርከቧ ካፒቴን ቂል ነው፣ አይደለም በሚል ከመምህርቷ ጋር ሳይነታረኩ የዋሉበት ጊዜ የለም። ተከታታዩን ከመጀመሪያው አስጀምራቸዋለች። መጨረሻው ምን እንደሆነ ከገጾቿ የምታስታውሰው ነገር የለም፤ አንዱ ሊያወራ አፉን ሲከፍት ጣቷን ቀስራ «ዋ! ትነግሩኝና እንጣላለን!» ትላለች።